ለቢሮ ሕንፃ ፓርኪንጉ የት ይሁን? ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሥር ወይስ ከጎረቤት

በዲዛይን ግምገማ ስብሰባ ጠረጴዛው ላይ ቀድሞ የሚዘረጋው የሕንፃው የፊት ገጽታ ነው። መስታወቱ በዛ አልበዛም፣ ቀለሙ ይሄዳል አይሄድም ሲባል ሰዓቱ ይነጉዳል። ሳይት ፕላኑ፣ ሕንፃው፣ መግቢያውና ፓርኪንጉ ቦታው ላይ የሚያርፉበት ሥዕል፣ የሚወጣው ግማሹ ሰው ቦርሳውን መሰብሰብ ሲጀምር ነው። ሕንፃው ተሠርቶ ሰው ከገባበት በኋላ ግን ስለ መስታወቱ አቤት የሚል የለም። አቤቱታው ሁሉ ጠዋት መግቢያው ላይ ስለሚሰለፈው መኪና፣ ሲዘንብ በሩ ላይ ስለሚያቁረው ውኃ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ በመኪኖች መሀል እየተሽሎከለከ ስለሚገባው ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ንድፉን ለግምገማ ለሚያቀርበው ባለቤትና አርክቴክት፣ እንዲሁም ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ አስተያየት ለሚሰጠው የአካባቢ ኮሚቴ አባል ነው። ለዓመታት በሁለቱም በኩል ተቀምጬ አይቻለሁ። ነገሩ ቁጥር ብቻ እንዳይሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፦ 4,000 ካሬ ሜትር ቦታ፣ በላዩ 5,000 ካሬ ሜትር ቢሮ፣ አምስት ወለል። ሕንፃው መሬት ላይ የሚይዘው 1,000 ካሬ ሜትር ነው፤ 3,000 ይተርፋል። ጠቡ ያለው በዚህ 3,000 ላይ ነው።

ቁጥሩን ሳትፈትሹ ቦታ አትምረጡ

አንድ መኪና 2.5 በ5 ሜትር ይቆማል። ከኋላው የሚወጣበት መተላለፊያ 6 ሜትር ስለሆነ ግማሹ፣ ማለትም 3 ሜትሩ፣ የእሱ ድርሻ ነው። 2.5 በ8፣ ሃያ ካሬ ሜትር ሆነ ማለት ነው። መግቢያውን፣ ማዕዘኑን፣ መዞሪያውንና የዛፍ ቦታውን ስትጨምሩበት 25 እስከ 30 ይደርሳል። በ30 እናስላ።

የከተማው የፓርኪንግ ደንብ ለ50 ካሬ ሜትር ቢሮ ቢያንስ የአንድ መኪና ቦታ ይኑር ቢል 100 መኪና ይመጣል፤ 3,000 ካሬ ሜትር። የተረፈን ቦታ በሙሉ አለቀ፤ ለእግረኛም ለዛፍም ስንዝር መሬት የለም። በአሜሪካ የከተማ ዳርቻ ቢሮዎች ለረጅም ጊዜ በተለመደው ልክ፣ ለ1,000 ካሬ ጫማ አራት መኪና፣ ብናሰላው ደግሞ ለ23 ካሬ ሜትር ገደማ አንድ ይደርሳል። መኪናው ከሠራተኛው የሰፋ ቦታ ያዘ ማለት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያስተማረው ዶናልድ ሹፕ ዕድሜ ልኩን የተከራከረው በእነዚህ ልኮች ላይ ነው። ብዙዎቹ የተወሰዱት ፓርኪንግ በነፃ በሚሰጥባቸው፣ የሕዝብ ትራንስፖርት እምብዛም በሌለባቸው ጥቂት ቦታዎች ከተደረገ ቆጠራ ነው ይል ነበር።

ከተሞችም ሰምተውታል። ለንደን በ2004 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) «ቢያንስ ይህን ያህል ፓርኪንግ ይኑር» የሚለውን ዝቅተኛ ልክ ትታ «ከዚህ አይብለጥ» የሚል ከፍተኛ ጣሪያ አበጀች። ሜክሲኮ ሲቲ በ2017 ያንኑ አደረገች፤ በዚያው ዓመት ቡፋሎ፣ በ2021 ደግሞ ሚኒያፖሊስ ዝቅተኛውን ግዴታ አነሱ። ካሊፎርኒያ ከ2023 ጀምሮ ከዋና የትራንስፖርት ጣቢያ በግማሽ ማይል፣ ወደ 800 ሜትር፣ ክልል ውስጥ ላሉ አብዛኞቹ ግንባታዎች ከተሞች ዝቅተኛ ቁጥር እንዳያስገድዱ ከልክላለች። በእናንተ አካባቢ የቱ ሥርዓት እንደሚሠራ መጀመሪያ አጣሩ፤ «ደንቡ ያስገድደናል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ደንቡን ሳያነቡ ነው።

ደንቡ ባይላላም ቁጥሩን የሚቀንስ መንገድ አለ። ካሊፎርኒያ በ1992 ያወጣችው ሕግ የተወሰኑ አሠሪዎች በነፃ የሚሰጡትን ፓርኪንግ ለማይጠቀም ሠራተኛ ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍሉ ያዛል። ሹፕ ይህን ያደረጉ ስምንት መሥሪያ ቤቶችን ሲያጠና ብቻውን እየነዳ የሚመጣው ሠራተኛ ከመቶ 76 ወደ 63 ወርዶ አገኘ። አንድም ግድግዳ አልተነካም።

በምሳሌያችን ቁጥሩን ወደ 60 አወረድን እንበል። 1,800 ካሬ ሜትር። አሁን የት እንደምናሳርፈው መነጋገር ይቻላል።

ከሕንፃው ፊት

ርካሹና ቀላሉ ይህ ነው፤ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚስለውም እሱን ነው። ሁለት ረድፍ መኪናና መሀሉ መተላለፊያ 16 ሜትር ይፈልጋል፤ ከእግረኛ መንገዱ የሚለየውን ቁራጭ ስትጨምሩበት ሕንፃው ከመንገዱ ሃያ ሜትር ይሸሻል። በእግሩ የሚመጣ ሁሉ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ያን አስፋልት ያቋርጣል፣ መንገዱም በአንድ በኩል ግድግዳ አልባ ይሆናል። ጎረቤቱም ያንኑ ሲያደርግ፣ ሦስተኛውም ሲከተል፣ መንገድ የነበረው አንድ ረጅም የመኪና ሜዳ ሆኖ ያርፋል።

ለአራት አምስት የእንግዳ መኪናና ሰው ለማውረጃ ብቻ ከሆነ እቀበለዋለሁ። ለስልሳ ግን አልቀበልም። «በኋላ እንተክልበታለን» የሚለውንም አልቀበልም።

ከኋላ ወይም ከጎን

የቦታው ቅርጽ ከፈቀደ እኔ የምጀምረው ከዚህ ነው። ሕንፃው ወደ መንገዱ ይጠጋል፣ መኪናው ከዓይን ይሰወራል፣ ዋጋው ከፊቱ ብዙም አይለይም። ችግሮቹ ግን ሥዕሉ ላይ በቀላሉ የማይታዩ ዓይነት ናቸው።

አንደኛው የስፋት ነገር ነው። ከጎን የቀረው ቁራጭ 14.5 ሜትር ስፋትና 50 ሜትር ርዝመት አለው እንበል። ቀጥ አድርጋችሁ ካቆማችሁ ሁለት ረድፍ 16 ሜትር ስለሚፈልግ አይገባም፤ አንድ ረድፍ ብቻ፣ 20 መኪና ይሆናል፤ ሦስት ሜትር ተኩል ያለ ሥራ ይቀራል። በ45 ዲግሪ ብታጋድሏቸው ግን እያንዳንዱ ረድፍ 5.3 ሜትር፣ መተላለፊያው ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሚሆን 3.6 ሜትር፣ ድምሩ 14.2 ይሆናል። ገባ። መኪናው በርዝመቱ በኩል 3.54 ሜትር ቢወስድም ሁለት ረድፍ ስለሆነ ጫፉ ላይ የሚባክነው ተቀንሶ ወደ 26 መኪና ይቆማል። ችግሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ መውጫ ማስፈለጉ ነው። መውጫ ከሌለ ያ ጠቃሚ ሥዕል ኋላ ማርሽ አስገብቶ 50 ሜትር የሚመለስ ሾፌር ይፈጥራል። ይህን ሳይስተካከል ጸድቆ ያለፈ ንድፍ አይቻለሁ፤ ከተሠራ በኋላ የመጨረሻዎቹ ስድስት ቦታዎች ላይ ጥበቃዎቹ ወንበርና የቆሻሻ በርሜል አስቀመጡባቸው።

ሁለተኛው የበሩ ነገር ነው፤ ይህን ከሌላው ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ። ፓርኪንጉ ኋላ ሲሆን ሠራተኛው በኋላ በር ይገባል። ሥራ አስኪያጁም፣ እንግዳውም እንደዚያው። ከስድስት ወር በኋላ «ለደኅንነት ሲባል» የመንገዱ በር ይቆለፍና «እባክዎ በኋላ በር ይጠቀሙ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። ሕንፃው ወደ መንገድ ቀረበ፣ ጀርባውን ግን ሰጠ። መድኃኒቱ ሁለቱን በሮች አንድ አዳራሽና አንድ እንግዳ ተቀባይ ጠረጴዛ ላይ ማገናኘት ነው። ሊፍቱም በመሀላቸው ይሁን። በግምገማው ቀን የወለሉን ፕላን ከሳይት ፕላኑ ጎን አስቀምጡና በእጃችሁ ተከተሉት፤ ከኋላ የገባው ሰው የመንገዱን በር ሳያይ ሊፍት ውስጥ ከገባ ያ በር ዕድሜ የለውም።

ሦስተኛው ውኃ ነው። 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,800 ካሬ ሜትር አስፋልት ላይ ሲወርድ 45 ሜትር ኪዩብ ውኃ ነው፤ አስፋልቱ አብዛኛውን አይጠጣውም። ፓርኪንጉ ከሕንፃው ኋላ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጎረቤት አጥር ጋር ይገናኛል። ተዳፋቱ ወደ የት እንደሚያጋድል የሚያሳይ ቀስት ሳይት ፕላኑ ላይ ከሌለ ጠይቁ። በረድፎቹ መሀል ከመሬት ዝቅ ያለ የተክል ቦይ ቢኖር ውኃውን ይቀበላል፣ ዛፉንም ያጠጣል፤ የጠርዝ ድንጋዩ ግን ውኃው የሚገባበት ክፍተት ይኑረው፤ ድፍን ከሆነ ተክሉ ጎርፍ እያየ በጥም ይደርቃል። የዛፉ ቦታም ከአንድ ሜትር ተኩል ባይጠብ ይሻላል። በአራት የጠርዝ ድንጋይ መሀል የተሰካ ችግኝ ለፎቶ ብቻ ነው።

የእሳት አደጋ መኪና መንገድ በአብዛኛው 6 ሜትር ስፋት ይጠየቅለታል፤ ከጎን ያለውን መግቢያ ለሁለቱ ጥቅም ማዋል ይቻላል፤ ከላይ የሚጋርድ ነገር እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ። ፈረንሳይ በ2023 ባወጣችው ሕግ ከ1,500 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ገላጣ ፓርኪንግ ቢያንስ ግማሹ በፀሐይ ኃይል ፓነል ጥላ እንዲሸፈን አዛለች፤ የእኛ 1,800 እዚያ ቢሆን ኖሮ ይመለከተው ነበር። ጥላው ሲታሰብ የምሰሶዎቹ ቦታ ከመኪናው መስመር ጋር አብሮ መታየት አለበት።

ከምድር በታች

ቤዝመንት ሁሉን የሚፈታ ይመስላል፤ መሬቱ ነፃ ይወጣል። እኔ የምመክረው መሬቱ በጣም ውድ፣ ቦታው ጠባብ ሲሆንና ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። አንዴ ተቆፍሮ ፓርኪንግ ከሆነ በኋላ ወደ ሌላ ነገር መለወጡ ይከብዳል፤ መስኮት የለው፣ ከፍታ የለው።

ራምፑን፣ መኪናው የሚወርድበትን ተዳፋት መንገድ፣ እንለካው። ወለሉ 3.2 ሜትር ይወርዳል፣ ተዳፋቱ በየ8 ሜትሩ አንድ ሜትር ነው። መኪናው ሆዱን እንዳይፍቅ ከላይም ከታችም ሦስት ሦስት ሜትር በግማሽ ተዳፋት መለስለስ አለበት። ጠቅላላ ርዝመቱ 28.6 ሜትር ይመጣል። ሁለት መኪና እንዲተላለፍበት 6.5 ሜትር ስፋት ብትሰጡት 186 ካሬ ሜትር፣ ስድስት መኪና የሚያስቆም ቦታ፣ ለመውረጃ ብቻ ሄደ። ስልሳ መኪና በ35 ካሬ ሜትር ሲሰላ 2,100 ነው፤ የሕንፃው ስፋት 1,000 ስለሆነ ሁለት ቤዝመንትም ይጠባችኋል፤ ወይ ከሕንፃው ውጭ እየተስፋፋችሁ ትቆፍራላችሁ። ያኔ ደግሞ በላዩ ላይ የሚተከለው ዛፍ አፈር የሚያገኘው ከየት ነው?

ከራምፑ በላይ ንድፍ የሚያበላሽ ግን ኮለን፣ ሕንፃውን የሚሸከመው ምሰሶ፣ ነው። ላይ ያለው ቢሮ ኮለኖቹን በ7.5 ሜትር ርቀት አስቀምጧል፣ እያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚቀረው 6.9 ሜትር። ለሦስት መኪና ስትከፍሉት 2.3 ይደርሳል፤ አንዱ የኮለን ግድግዳ፣ ሌላው የጎረቤት መኪና፣ በር አይከፈትም። በተግባር ሁለት መኪና ነው። ርቀቱን ወደ 8.1 ከፍ፣ ኮለኑን ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብታደርጉት 7.6 ሜትር ይቀራል፤ ሦስት መኪና በምቾት። የ60 ሳንቲ ሜትር የርቀት ለውጥ ከመኪናው ቁጥር ሲሶውን ያወጣል ወይም ያጠፋል። ስለዚህ «ቤዝመንቱ 60 ይይዛል» የሚል ጽሑፍ ሳታምኑ ኮለኖቹ የተሳሉበትን ወለል ጠይቁ። አንድ ጊዜ በግምገማ ላይ መኪኖቹ ተስለው ኮለኖቹ የተረሱበት ፕላን ቀርቦልን ነበር፤ ስናስገባቸው ዘጠኝ መኪና በኮንክሪት ተወጋ።

ሕንፃው በእግሩ ቆሞ፣ መኪናው ከሥሩ

መሬት ወለሉን ክፍት ትቶ መኪናውን በኮለኖች መሀል ማቆም ከቤዝመንት በጣም ይረክሳል። ሁለት ነገር ግን ያስፈራኛል። መንገዱ ላይ የሚታየው ጥላና የመኪና አፍንጫ ብቻ ነው፤ ይህንን ፊቱን በሱቅ ወይም በአዳራሽ ሸፍኖ መኪናውን ወደ ኋላ በመግፋት ማስተካከል ይቻላል። ሁለተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋው አካባቢ የሕይወት ጉዳይ ነው። ላይኛው ወለል በግድግዳ የጠነከረ፣ ታችኛው ባዶ ከሆነ ሕንፃው ጉልበቱ ላይ ይሰበራል። በጥር 1994 በካሊፎርኒያ ኖርዝሪጅ በደረሰው መንቀጥቀጥ ከሥሩ መኪና ይቆምበት የነበረ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ የመጀመሪያው ወለል ተደፍጥጦ 16 ሰዎች ሞተዋል። ሎስ አንጀለስ በ2015 እንዲህ ያሉ ነባር የእንጨት ሕንፃዎች እንዲጠናከሩ አስገድዳለች። የዲዛይን ኮሚቴ የስትራክቸር ስሌት አይፈትሽም፤ ነገር ግን «ታችኛው ወለል ላይ ሸክም የሚይዘው ግድግዳ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ባለ ፎቅ ፓርኪንግ

ከጥቂት መቶ መኪና በታች ብዙም አያዋጣም፤ ለስልሳ መኪና ራሱን የቻለ የፓርኪንግ ሕንፃ ማቆም ራምፕ መገንባት ነው። ብዙ ቢሮዎች በአንድ ግቢ ሲሆኑ ግን ይመጣል። ያኔ መጠየቅ ያለበት ወለሉ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ተዳፋት የሚለው ነው። መኪና ራሱ ተዳፋቱ ላይ የሚቆምበት ዓይነት ቦታ ይቆጥባል፤ ነገ የመኪናው ቁጥር ሲቀንስ ግን ከማፍረስ ውጭ ምርጫ የለውም። ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ራምፑ ጫፍ ላይ ለብቻው፣ ከፍታው ለቢሮ የሚበቃ ከሆነ ግድግዳ ገጥሞ ሌላ ነገር ማድረግ ይቻላል።

እሳትንም አትርሱ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ሊቨርፑል፣ በጥቅምት 2023 ሉተን አውሮፕላን ማረፊያ ባለ ፎቅ ፓርኪንጎች ተቃጥለው በእያንዳንዳቸው ከሺህ በላይ መኪና ወድሟል። ሁለቱም የውኃ መርጫ አልነበራቸውም።

ከጎረቤት ጋር መጋራት

የቢሮ ፓርኪንግ የሚሞላው በሥራ ቀን ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ ነው። ማታና በዕረፍት ቀን ባዶ ሜዳ ነው። አዳራሽ፣ ቲያትር ቤት፣ የአምልኮ ቦታ የሚፈልጉት ያንኑ ባዶ ሰዓት ነው። በእግር አምስት ደቂቃ፣ 400 ሜትር ገደማ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎረቤት ካለ ከስልሳው ሃያውን እዚያ ማሳረፍ ከሁሉም ምርጫ ይረክሳል፤ አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አይነጠፍም። ደካማ ጎኑ ወረቀቱ ነው። «ተነጋግረናል» የሚል ቃል ብቻ ይዞ የሚመጣ አመልካች ጎረቤቱ ሲሸጥ መኪናውን መንገድ ላይ ይበትናል። ውሉ ለረጅም ጊዜ፣ ባለቤት ሲቀየርም የሚጸና፣ ሰዓቱም የተለየ ይሁን። በመሀል ያለው መንገድ ማታ መብራት አለው ወይ የሚለውንም በእግር ሄዳችሁ እዩ።

የትኛውንም ብትመርጡ

ለአካል ጉዳተኞች የሚተወው ቦታ መጨረሻ ላይ በተረፈ ጥግ አይሳልም። በአሜሪካ መለኪያ ለስልሳ መኪና ሦስት ይጠየቃል፤ ከጎኑ 1.5 ሜትር ገደማ የመውረጃ ክፍተት፣ መሬቱም በየትኛውም አቅጣጫ ከሁለት በመቶ እምብዛም የማይበልጥ ተዳፋት። ይህ የመጨረሻው ነገር ከውኃው ቀስት ጋር ይጋጫል፤ ለዚህ ነው ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የሚያስፈልገው።

የጥበቃ ቤቱና ማገጃው ከመንገዱ ጠርዝ ቢያንስ 12 ሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ፤ ሁለት መኪና ተከታትሎ ቢቆም መንገዱ ላይ አይወጣም። ጠርዙ ላይ ከተተከለ መታወቂያ የሚፈልግ አንድ ሾፌር እግረኛውንም አውቶቡሱንም ያስቆማል። መግቢያው የእግረኛ መንገዱን ሲያቋርጥ መኪናው ወደ እግረኛው ከፍታ ይውጣ፤ እግረኛው ወደ መኪናው አይውረድ።

ለ4,000 ካሬ ሜትሩ ቦታ ምን ትመርጣለህ ብትሉኝ፦ ከፊት አራት ለእንግዳ፣ ከኋላ 36፣ ከጎረቤት 20። ጎረቤት ካልተገኘ ያንን ሃያ አሁን አላነጥፈውም። 600 ካሬ ሜትር ያህል ሣር ሆኖ ይቆይና ሳይት ፕላኑ ላይ መኪናዎቹ በተቆራረጠ መስመር ይሳሉ፤ ፈቃዱም እንዲህ ይጻፍ፦ ሕንፃው ከሞላ ሁለት ዓመት በኋላ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ይቆጠራል፣ አርባው ሞልቶ ከተረፈ ይነጠፋል። ውኃ መውረጃው ግን ከአሁኑ ለስልሳው በሚበቃ ስፋት ይቀበር።